ውኃ ሲፈላ ፍሎራይድ ለምን አይለቅም?

መቂ አካባቢ አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የቤቱ እመቤት የመጠጥ ውኃውን በትልቅ ድስት አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በጀሪካን ሞልታ ጥግ አስቀምጣለች። «ለልጆቹ ብዬ ነው። የጥርሳቸው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል» አለችኝ። ትልቋ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እጇ ትንሽ ሲዘገይ የፊት ጥርሶቿ ይታያሉ። ቡናማ መስመር አላቸው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ።

እናትየዋ አላጠፋችም። «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለውን ምክር ሰምታ ከልቧ ይዛዋለች። ለተቅማጥና ለታይፎይድ ምክሩ ትክክል ነው። የልጅቷን ጥርስ ያበላሸው ግን ጀርም አይደለም፤ ከድንጋይ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የሟሟ ፍሎራይድ ነው። ለዚህ ችግር ማፍላት አይሠራም፤ እንዲያውም ትንሽ ያባብሰዋል። ድስቱ ሲፈላ ተን ሆኖ የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው። ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። በሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለው 2 ሊትር ውኃ ፈልቶ አንድ ሊትር ተኩል ቢቀር፣ መጠኑ በሊትር 4 ሚሊግራም ይሆናል። ያ ሁሉ ማገዶና ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ነው።

ይህን ለእሷ መንገር ከበደኝ። ግን ነገርኳት። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ?» አለችኝ። ጥያቄዋን በትክክል ለመመለስ ፍሎራይድ ምን እንደሆነና ውኃ ለምን እንደማይለቀው ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል በኬሚስትሪ የተማርነው ነው። ያኔ ለፈተና ሸመደድነው፤ የምንጠጣው ውኃ ውስጥ እንዳለ የነገረን ግን ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቋችን ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ፤ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸውም አሉ። በዚህ ችግር ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ዝቅተኛው ግምት እንኳ 8 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቀጠናው ከአፋር ጀምሮ በመተሐራ፣ በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ ዙሪያ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከዚያም ኬንያና ታንዛኒያ ይቀጥላል። ሰው ጥርስህን አይቶ ያደግክበትን አገር የሚገምትበት ቀጠና ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ፍሎራይድ አለመታየቱ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በዚህ መጠን ጣዕምም የለውም። ውኃው ኩልል ያለ ነው።

ኤሌክትሮን የማይለቅ ጎረቤት

የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ አስታውሱት፤ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን። ከግራ ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር በአቶሙ እምብርት ያለው የፕሮቶን ብዛት ይጨምራል። የውጩ ኤሌክትሮኖች ግን ያው ቅርፊት ላይ ናቸው። ስለዚህ የሚስባቸው ኃይል ይጠነክራል፤ አቶሙም ይጠብባል። ከታች ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ የቅርፊቱ ብዛት ይቀንሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ወደ እምብርቱ ይቀርባሉ። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት ከላይ በቀኝ ጥግ ነው። ምንም የማይፈልጉትን ኖብል ጋዞች ትተን፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ፍሎሪን ነው። 9 ፕሮቶን፣ ሁለት ቅርፊት፣ በውጭ 7 ኤሌክትሮን። አንድ ብቻ ይጎድለዋል።

ሊነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 አቶሞች ኤሌክትሮንን ወደ ራሳቸው የመሳብ አቅማቸውን በቁጥር አስቀመጠ። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ የምንለው ነው። ዛሬ በምንጠቀምበት ሰንጠረዥ ፍሎሪን 3.98 ላይ ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። ኦክስጅን 3.44፣ ክሎሪን 3.16፣ ሃይድሮጅን 2.20፣ ካልሲየም 1.00፣ ሶዲየም 0.93። ሶዲየምና ፍሎሪን ሲገናኙ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ስለሆነ መጋራት የሚባል ነገር የለም። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ይሰጣል፤ ፍሎሪን ይወስዳል። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ አዮን (የኤሌክትሪክ ክስ፣ ማለትም ቻርጅ፣ ያለው አቶም) ሆነው ይሳሳባሉ። አዮኒክ ትስስር ይህ ነው።

ፍሎሪን ጋዝ ሆኖ ብቻውን ሲገኝ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ አደገኛ ነገር ነው። ብዙ ኬሚስቶች ለብቻው ሊያወጡት ሲሞክሩ ተጎድተዋል፤ የሞቱም አሉ። የተሳካለት ፈረንሳዊው አንሪ ሟሳን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 በኤሌክትሪክ። በ1906 ኖቤል ተሸለመበት። የጎደለውን አንድ ኤሌክትሮን ካገኘ በኋላ ግን ፍሎሪን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ፍሎራይድ ተብሎ ስሙም ይለወጣል። የጠገበ፣ የረጋ፣ ከማንም ኤሌክትሮን የማይነጥቅ አዮን። ውኃ ውስጥ ደግሞ ያንን ኤሌክትሮን መልሶ የሚወስድበት የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ውኃ አጋር ወይም ሌላ ክሎሪን ያለው መድኃኒት ውኃ ላይ ስንጨምር «ሁሉንም ያጸዳል» ብለን እናምናለን። ክሎሪን ተህዋስ የሚገድለው ከሌላው ኤሌክትሮን እየነጠቀ ነው። በሰንጠረዡ በአንድ ዓምድ ከእሱ በታች ካሉት ዘመዶቹ፣ ከብሮማይድና ከአዮዳይድም መንጠቅ ይችላል። ከፍሎራይድ ግን አይችልም፤ ፍሎሪን ከእሱ በላይ ነዋ። ስለዚህ ውኃ አጋር ጀርሙን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ ግን እንደነበረ ይቆያል። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ የታዘዘው ግን ለሌላ በሽታ ነው።

የውኃ ቅርጽ

አምቦ ውኃ ስትከፍቱ ምን ይሆናል? ጋዙ ሽው ብሎ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጋዝ የሌለው ውኃ ነው። ያ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱ ኦክስጅኖች ካርቦኑን ግራና ቀኝ ይዘው በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ይጎትታል። ግን እኩል ናቸው፤ በተቃራኒ አቅጣጫም ይጎትታሉ። እንደ ገመድ ጉተታ ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ሲስብ ገመዱ አይንቀሳቀስም። በድምሩ ሞለኪዩሉ ፖላር አይደለም፤ አንዱ ጎኑ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ አያጋድልም። ውኃም አጥብቆ አይይዘውም፤ ክዳኑ ተነሥቶ ጫናው ሲረግብ ይሄዳል።

የውኃ ሞለኪዩል እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ከኦክስጅኑ ጋር በቀጥታ መስመር አልቆሙም፤ በ104.5 ዲግሪ ጎንበስ ብለዋል። ምክንያቱም ኦክስጅኑ ከማንም ጋር ያልተጋራቸው ሁለት ጥንድ ኤሌክትሮኖች አሉት። እነሱም ቦታ ይፈልጋሉ፤ ሃይድሮጅኖቹን ወደ አንድ ወገን ይገፏቸዋል። ስለዚህ የኦክስጅኑ ጎን ኔጋቲቭ፣ የሃይድሮጅኖቹ ጎን ፖዘቲቭ ያጋድላል። ጉተታው አይጣፋም።

ፍሎራይድ ውኃ ውስጥ ሲገባ የውኃ ሞለኪዩሎች በሃይድሮጅን ጎናቸው ዞረው ይከቡታል። እንግዳ እንደከበበ የሠፈር ልጅ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ እሱ አድርጎ። ፍሎራይድ በጣም ትንሽ አዮን ስለሆነ ክሱ በጠባብ ቦታ ላይ ተከማችቷል፤ እነሱም አጥብቀው ይይዙታል። ከዚህ ክበብ አውጥቶ አየር ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት በምድጃ እሳት አይገኝም። ስለዚህ ይኸው የውኃ ባሕርይ ጋዙን ከአምቦ ጠርሙስ ያስወጣል፤ ፍሎራይዱን ከድስቱ ውስጥ ያስቀራል።

በጨርቅ ማጥለልም፣ አሳድሮ ማዝቀጥም ያው ነው። አዮኑ ከውኃው ሞለኪዩል እኩል ያነሰ ነገር ነው። የትኛው ነጠላ ይይዘዋል?

ሳሙና አረፋ የሚያወጣበት ውኃ

ለምን ስምጥ ሸለቆ? ደጋ ላይ ያለው ምንጭ ፍሎራይዱ ትንሽ ሆኖ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርደን ያለው ጉድጓድ ለምን ይበዛበታል?

መልሱ ከመሬቱ ይነሣል። የሸለቆው ወለል የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ቀላል ጠጠርና መስታወት የመሰለ ድንጋይ ነው። በውስጡ ፍሎራይድ አለ። ከጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሶዲየምና ፍሎራይድ ወደ ውኃው ይገባሉ። ውኃው ከዚያ አሲድ በሚመጣ ባይካርቦኔት ይሞላል። ሙቀትና ረጅም ቆይታ ሲጨመርበት ይብሳል። እንደ አቢጃታና ሻላ ያሉ መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ደግሞ በተን ብቻ ስለሚጎድሉ፣ ፍሎራይዳቸው ለመጠጥ ከሚፈቀደው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ግን ዋናው ነገር የሚጨመረው ሳይሆን የሚጎድለው ነው። የሚጎድለው ካልሲየም ነው።

ሶዲየምና ካልሲየም አዮኖችን አስተያዩ። የሶዲየም ራዲየስ 102 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ገደማ፣ የካልሲየም 100 ገደማ። በመጠን መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሶዲየም አንድ ክስ፣ ካልሲየም ሁለት ክስ መያዙ ነው። ካልሲየም ፍሎራይድን የሚስበው በእጥፍ ጉልበት ነው። ውጤቱን ተመልከቱ። አንድ ሊትር ውኃ 40 ግራም ገደማ ሶዲየም ፍሎራይድ ያሟሟል። ካልሲየም ፍሎራይድን ግን 16 ሚሊግራም ገደማ ብቻ። ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ካልሲየም በበዛበት ውኃ ፍሎራይድ እንደልቡ ሊከማች አይችልም፤ ተያይዘው ጠጣር ሆነው ይዘቅጣሉ።

በስምጥ ሸለቆ ግን ካልሲየሙን ሌላው ቀድሞ ወስዶታል። ባይካርቦኔቱ ሲበዛ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። የቀረውን ደግሞ ሸክላው በሶዲየም ይለውጠዋል። ፍሎራይድ የሚይዘው አጥቶ ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል።

አሁን የልብስ አጠባውን አስቡት። ካልሲየም በበዛበት አገር ሳሙና አረፋ አያወጣም፤ ነጭ እድፍ ይሆናል። ማንቆርቆሪያው ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ላይ ግን ሳሙናው ወዲያው አረፋ ይላል። ሰው «ይህ ውኃ ለስላሳ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። እኔም ብሆን እንዲያ እላለሁ። እውነቱ ግን ይኸው ለስላሳነት የካልሲየም መጥፋት ምልክት ነው። በዚህ ቀጠና እንዲህ ያለ ውኃ ሲገኝ ደስ ከማለት በፊት ማስለካት ይገባል። ለስላሳ ውኃ ሁሉ ፍሎራይድ አለው ማለቴ አይደለም፤ ደጋ ላይ ለስላሳም ንጹሕም ምንጭ ሞልቷል።

ጥርሱ ለምን ይቀበለዋል?

ጥርስና አጥንት የተሠሩበት ማዕድን ሃይድሮክሲ አፓታይት ይባላል። ካልሲየም፣ ፎስፌትና ሃይድሮክሳይድ ተሰናስለው። ሃይድሮክሳይዱ አንድ ኔጋቲቭ ክስ ያለው፣ 137 ፒኮሜትር ገደማ የሚሆን አዮን ነው። ፍሎራይድም አንድ ኔጋቲቭ ክስ አለው፤ 133 ፒኮሜትር ነው። ያንኑ ወንበር የሚሞላ ሌላ ሰው ማለት ነው። ክሎራይድ 181 ስለሆነ እንዲህ አይመቸውም።

በትንሹ ሲሆን ይህ ልውውጥ ይጠቅማል። ፍሎራይድ የገባበት ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራው የውጭ ሽፋን) አሲድን የበለጠ ይቋቋማል፤ ጥርስ ሳሙና ላይ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ አንዳንድ ከተሞች ፍሎራይድ ወደ ቧንቧ ውኃ ይጨምራሉ፤ እዚያ ዛሬ የሚመከረው በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። በጥቅምና በጉዳት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑን ልብ በሉ።

ሲበዛ ጉዳቱ የሚጀምረው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ኢናሜል ይሠራል፤ ፍሎራይድ ሲበዛ ያ ግንባታ በትክክል አይጠናቀቅም፤ ባለ ቀዳዳና ደካማ ይሆናል። ቡናማው ቀለም በኋላ የሚገባው በዚያ ነው። ስለዚህ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ጥርስ ዛሬ በጠጣችው ውኃ አልተበላሸም። ሕፃን ሳለች በጠጣችው ነው። በመቦረሽም አይለቅም። ለረጅም ዓመት ብዙ የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይጎዳል። መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ አከርካሪው ይገተራል፤ ጎንበስ ብሎ መነሣት ያቅተዋል። በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታየው ይህ ነው።

የሚይዘውን ማቅረብ

እንግዲህ ፍሎራይድን የሚያስወጣ እሳት ከሌለ፣ ከውኃ የበለጠ አጥብቆ የሚይዘው ነገር መፈለግ ነው። አሉሚኒየም አንዱ ነው። ትንሽ፣ ባለ ሦስት ክስ፤ ፍሎራይድን ይወዳል። ወንጂ ላይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሉሚና የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር። ሕንድ ውስጥ ናልጎንዳ በምትባል ወረዳ ስም የሚጠራው ዘዴም አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ይጠቀማል።

እኔን የሚገርመኝ የአጥንት ከሰሉ ነው። የከብት አጥንት አየር በሌለበት ምድጃ ይከሰላል፣ ይሰበራል፣ ይታጠባል። ውኃ በላዩ ያልፋል። የቀረው ምንድን ነው? ያው ሃይድሮክሲ አፓታይት። ፍሎራይድ የልጅቷ ጥርስ ላይ ሊቀመጥ የነበረውን ወንበር ማጣሪያው ውስጥ አግኝቶ እዚያው ይቀመጣል። ከጥርስ በፊት ሌላ ጥርስ አቀረብንለት ማለት ነው። በአገራችን የስምጥ ሸለቆ መንደሮች ተሞክሮ ሠርቷል። «በጾም በአጥንት ያለፈ ውኃ ይጠጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት ከካህኑም ከሼኩም ጋር መነጋገር ነው።

ችግሩ ወንበሩ ይሞላል። ሲሞላ ማጣሪያው መሥራቱን ያቆማል። ውኃው ግን እንደ ድሮው ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ ጣዕሙም አይለወጥም። ማንም አያውቅም። ያን ጊዜ ወይ ከሰሉ ይቀየራል ወይ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፤ በሶዳው ውስጥ ያለው ብዙ ሃይድሮክሳይድ ፍሎራይዱን ገፍቶ ቦታውን መልሶ ይይዛል። የኬሚስትሪው ክፍል ተፈትቷል። ያልተፈታው ማን ይለካል፣ ማን ይቀይራል፣ በማን ወጪ የሚለው ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር ጉድጓድ እንቆፍራለን። ጉድጓዱ ይመረቃል፣ ቧንቧው ይከፈታል። የፍሎራይድ ልክ ግን ከቁፋሮው በፊት ሳይሆን ልጆቹ ጥርስ ካወጡ በኋላ ይነሣል። ይህ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከወንዝ ወይም ከደጋ ውኃ የሚመጣበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ምንጩን መለወጥ ከማጣሪያ ይሻላል።

ካልሲየም ያለው ምግብም ያግዛል። ወተትና አይብ ሆድ ውስጥ ፍሎራይዱን በከፊል ይይዙታል። ሻይ ግን ተክሉ ራሱ ፍሎራይድ የሚያከማች ነው፤ በዚያ ውኃ ሲፈላ በሁለት በኩል ይጨምራል።

ለእናትየዋ የመለስኩላትን ልንገራችሁ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ፀሐይ ያተነነችው ውኃ ነው፤ ተን ሲነሣ ፍሎራይዱን መሬት ላይ ትቶት ወጥቷል። «ክረምት ሲገባ አሸንዳ ይሠራ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ይጠበው፤ እሱ ይፍሰስ። ከዚያ በኋላ ያለው በበርሜል ተከድኖ ይቀመጥ። ለሁሉም አይበቃም። ለትንሹ ልጅ ይበቃል፤ ገና ሦስት ዓመቱ ነው» አልኳት።

«ለመጠጥ ብቻ?»

«ለሽሮውም። ለሾርባውም።»

ዝም ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ድስቱን። «እሱንስ አላፈላውም?»

«እሱን አፍዪው» አልኳት። «የዝናቡን አፍዪው።»